የአራተኛ ፎቁ የዋት ሊቅ

መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ሁሉ አንድ የዋት ሊቅ አለ። የለም የሚል ካለ፣ ወይ መብራት ጠፍቶበት አያውቅም፣ ወይ ሊቁ ራሱ ነው።

የእኛው ሊቅ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ሠላሳ ዓመት ሊፍት ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ሥራው ግን እሳቸውን አልለቀቃቸውም። የሕንጻው ሰው "ጋሼ ዋት" ይላቸዋል፤ እሳቸውም እንደ ሹመት ተቀብለውታል። ሰው ቤት ሲገቡ ሰላምታውን በቅጡ ያደርሳሉ፤ ከዚያ ዓይናቸው ማቀዝቀዣው ላይ ያርፋል። "እሱስ ስንት ይበላል?" የጎረቤት ልጅ የተዳረች ቀን፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ አዳራሹ በሙሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ፣ ጋሼ ወደ ጣሪያው አንጋጠው አምፖል ይቆጥሩ ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ተርጓሚ ግን ለሳቅ ጊዜ አልነበራትም። ሥራዋ ከቤት ነው፤ ሰዎች በኢንተርኔት ሲሰበሰቡ አንዱ የሚናገረውን ከአፉ እየቀለበች ለሌላው ታደርሳለች። ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ፣ ገና ተናጋሪው ጉሮሮውን ሲጠርግ መብራት ድርግም! የምትሠራለት ድርጅት ኃላፊ በትሕትና ጻፈችላት። ያስደነገጣትም ትሕትናው ነው። "የሐሙሱ ስብሰባ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። እንደገና ከተቋረጠ ሌላ ተርጓሚ ለመፈለግ እንገደዳለን።"

የባሏ መፍትሔ ኪሱ ውስጥ ነበር። "ጄኔሬተር! በረንዳው ላይ ቂብ ይላል፣ አለቀ!"

ተናግሮ ሳይጨርስ በሩ ተንኳኳ። ጄኔሬተር የሚለው ቃል ግድግዳ ሰንጥቆ አራተኛ ፎቅ እንዴት እንደሚደርስ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

"በረንዳ ላይ?" አሉ ክቡርነታቸው ጋሼ ዋት፣ ገና ከደጃፉ ሳያልፉ። "ጭሱ ወደ ሳሎን፣ ጩኸቱ ወደ ማይክሮፎን። ስብሰባውን እሷ ትተርጉም ወይስ ጄኔሬተሩ?"

"ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ?" አለች።

"መጀመሪያ ይመዘገባል!"

ተመዘገበ። ላፕቶፑን በሆዱ አስተኝተው ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ በአጉሊ መነጽር አነበቡ። ዋይፋዩን ገለበጡት። የጠረጴዛ መብራቷን መረመሩ። የጆሮ ማዳመጫዋን ሲያነሡ ግን አላስቻላትም።

"ጋሼ፣ እሱ ከላፕቶፑ ነው የሚበላው።"

"ጥገኛ" ብለው ደብተራቸው ላይ ጻፉ። "ካውያስ?"

"ካውያ ለስብሰባ ምን ያደርግልኛል?"

"ሸሚዝሽን አትተኩሺም?"

"ኧረ የሚሰሙት ድምፄን ብቻ ነው!"

ካውያ በታላቅ ክብር ተሰረዘ።

ደብተሩ ግን አላጠገባቸውም። "አሁን" አሉ፣ "መብራት እስኪጠፋ ቁጭ ብለን መጠበቅ ነው። ማን ቀድሞ እንደሚሞት በዓይናችን እንይ።"

ባል ተነሣ። "ከቆጣሪው ላጥፋዋ!"

"እሱ ማስመሰል ነው! የእውነቱ መጥፋት ሌላ ነው።"

ሰኞ ተቀመጡ። መብራቱ አዲስ እንደተቀጠረ ሠራተኛ ሥራው ላይ ተተክሎ ዋለ። ማክሰኞም እንዲሁ። በሕንጻው ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መብራት እንዲጠፋ ተማጸነ።

"ጄኔሬተር ብንገዛ ኖሮ አልቆ ነበር" አለ ባል፣ እግሩን እያንቀጠቀጠ።

"ቀስ በል፣ ይሰማሃል!" አሉት ወደ አምፖሉ እያመለከቱ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ድርግም አለ። ሦስቱም በደስታ ጮኹ፤ ከሁለተኛ ፎቅ ያሉት አሮጊት በራቸውን ከፍተው "ምን አገኛችሁ?" እስኪሉ ድረስ። ላፕቶፑ ንቅንቅ አላለም፤ የራሱ ባትሪ ለአራት ሰዓት ይበቃዋል። በመስኮት የሚገባው ብርሃን ለጠረጴዛዋ ተርፏል። ወዲያው የሞተው ዋይፋዩ ነበር።

"አስር ዋት የሚበላ!" አሉ ጋሼ ንቀት በተሞላ ድምፅ። ከቤታቸው የዳቦ ያህል ባትሪ አምጥተው ሰኩለት። አረንጓዴው መብራት ብልጭ አለ። ኢንተርኔቱ ግን የለም።

ባል "ይኸው! ብያችሁ ነበር!" ብሎ አጨበጨበ። እሷ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ሐሙስ ነገ ነው።

ጋሼ ከዋይፋዩ የሚወጣውን ገመድ በጣታቸው እየተከተሉ በግድግዳው፣ በበሩ ጉበን፣ እስከ ደረጃው ድረስ ወጡ። እዚያ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ለሕንጻው ሁሉ ኢንተርኔት የሚያድል ግራጫ ሳጥን ተሰቅሏል፤ የሚበላውም ከደረጃው መብራት ነው። ጭጭ ብሏል። ለካ ቤቷ ውስጥ ሦስት ጄኔሬተር ብትደረድርም ይኼ ካልበላ እሷም አትሰማም! ከቤቷ ቆጣሪ ቢያጠፉት ኖሮ ደግሞ የደረጃው መብራት እንደበራ ስለሚቀር ጉዱ አይታይም ነበር። ባል ራሱን አከከ።

"አስራ ሁለት ዋት" አሉ ጋሼ፣ ወንበር ላይ ቆመው ጽሑፉን ሲያነቡ። ዓይናቸው ውስጥ የሙሽራ ደስታ ነበር። "የቤቱን በዚያ ባትሪ ያዙ። ይኼኛውን ለእኔ ተዉት።"

ሐሙስ ስብሰባው ተጀመረ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ማራገቢያው ቆመ፣ ማቀዝቀዣው ዝም አለ። አንደበቷ ግን አልተደናቀፈም። አንድ ቃል ሳይወድቅባት ጨረሰች!

"ዛሬስ እናንተ ጋ መብራት አልጠፋም" አለች ኃላፊዋ።

"ጠፍቷል እንጂ! አሁንም የለም!"

ኃላፊዋ ሳቀች። "እንግዲያውስ የዓመቱ ስብሰባ በሙሉ የአንቺ ነው።"

ተርጓሚዋ ማዳመጫዋን ወርውራ ወደ ደረጃው በረረች። ጋሼ ዋት ወንበር ላይ ቆመው፣ ለግራጫው ሳጥን የሰኩትን ሌላ ባትሪ በቀኝ ትከሻቸው ተሸክመው፣ አንገታቸውን ወደ ግራ ቀልሰው አገኘቻቸው።

"ጋሼ! ምን ሆነው ነው?"

"ገመዱ... ትንሽ አጠረ።"

የሕንጻውን ዋት ሁሉ የደመሩት ሊቅ፣ የገመዱን ርዝመት መለካት ረስተው ነበር።

"አንድ ሰዓት ተኩል እንዲህ ቆመው? ለምን አልጠሩንም?"

"ማይክሮፎንሽ ክፍት አልነበር እንዴ? አልፈሻል?"

"አልፈናል!" ብላ ጮኸች፤ ድምፅዋ እስከ ምድር ቤት አስተጋባ። ባል ወንበሩን ያዘ፣ እሷ ባትሪውን ተቀበለች፣ ክቡርነታቸውም እንደ ጄኔራል ቀስ ብለው ወረዱ። ጉንጫቸውን አገላብጣ ሳመቻቸው።

አንገታቸው ግን እስከ ሰኞ ወደ ግራ እንደዘመመ ሰነበተ። "ጋሼ ምን ሆነው ነው?" ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ ተርጓሚዋ እሳቸውን ቀድማ ትመልሳለች።

"እኔን ተሸክመው ነው።"