ጀርባውን ሰጥቶ የሚያወራ ሰው

አንባቢ ሆይ፣ ጀርባውን ካልሰጠህ በቀር ሐዘኑን የማይነግርህ ወንድ ገጥሞህ ያውቃል? «እንዴት ነህ?» ስትለው «አለሁ» ይልሃል። ቤቱ እየተቃጠለም ቢሆን መልሱ «አለሁ» ነው። ጓደኛዬ ደረጀ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ባለፈው እሑድ ጠዋት ከሲግናል ሰፈር በሞተሩ አፈናጦኝ ወደ እንጦጦ ወጣን። ዳገቱን ስናጋምስ፣ ባሕር ዛፉ መሃል፣ ፊቱን ሳያዞር ጮኸ።

«ሰብለ ልጁን ይዛብኝ ሄደች! ኮተቤ፣ እናቷ ቤት ናት!»

ሰብለ ሚስቱ ናት። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ፣ የሚያንቀጠቅጠው ሞተሩ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

አናቱ ላይ ደርሰን ሄልሜቱን ሲያወልቅ ዓይኑ ቀልቷል።

«ንፋሱ ነው» አለኝ። «አየሩ ግን አሪፍ ነው፣ አይደል?»

«ሰብለስ?»

«ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች።»

ምን ይባላል? አየሩ አሪፍ ነው አልኩ።

ስንመለስ፣ ምንም ሳልለው፣ በኮተቤ በኩል ነዳ። የአማቱ ግቢ በር ላይ ሲደርስ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ። ወዲያው ከውስጥ የልጁ ድምፅ ተሰማ።

«አባዬ መጣ! አባዬ!»

ውረድ እንጂ ብዬ ትከሻውን ነካሁት። የሚሮጥ የሕፃን ኮቴ ወደ በሩ ሲቀርብ፣ ደረጀ ማርሽ አስገብቶ ፈተለከ። እስከ ሲግናል ድረስ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝም ቢሆን፣ ቃል አልተነፈሰም።