የዕድሩ ድስቶችና የሰላሃዲን ፎቅ

ዕድር ያለው ሰው ከሞተ በኋላ አይቸገርም። የሚቸገረው እስኪሞት ድረስ ነው። ይህንንም የጌጃ ሰፈር ዕድር በተግባር አስመስክሯል።

ሰላሃዲን የዕድሩ ንብረት ጠባቂ ነው። ሹመቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ! ከእንጨትና ከጭቃ በተሠራ ቤቱ፣ ከጣሪያው ሥር ያለውን ቆጥ ጣውላ አንጥፎ፣ መስኮት አውጥቶ፣ «ፎቅ» ያሰኘው ለዚሁ ክብር ብሎ ነው። ፎቁ ላይ የዕድሩ ብረት ድስቶች፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ የድንኳኑ ሸራና ብረቶቹ ተከምረዋል። ከሥር አራስ ልጁ ነስሪን ከጨቅላዋ ጋር ትተኛለች። አገርም የሚቆመው እንዲህ ነው፤ ከላይ ሹመት፣ ከታች አራስ።

መሬት የተንቀጠቀጠች ለት ድስቶቹ እርስ በርስ እየተላተሙ ጮኹ። የሰላሃዲን ሚስት ሙፊዳ ሕፃኑን ታቅፋ ደጅ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ዓይኗ ከጣሪያው አልወረደም።

«አንተ ሰው፣ ይህን ጉድ አውርድልኝ።»

«ከባድ ነገር መች ይነቃነቃል? ድስቶቹ እኮ ናቸው ቤቱን ረግጠው የያዙት!»

«እንግዲያው አንተም ውጣና እርገጥ።»

የነስሪን ባል ባልንጀራ ኢፋ መሐንዲስ ነው፤ ሙፊዳ ለምና አስመጣችው። ግድግዳውን አንኳኳ፣ ምሰሶውን ለካ፣ የመንቀጥቀጡን ጭነት አሰላ።

«አባባ፣ መሬት ስትወዛወዝ ቤቱን የሚጥለው የራሱ ክብደት ነው። ከላይ በከበደ ቁጥር ይብስበታል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ አይችልም። ባዶውን ከሆነ፣ ምሰሶዎቹንም በአግድም እንጨት ካሰራችኋቸው፣ ይቆማል።»

ዕድሩ እዚያው ቤት ተጠራ። ሰብሳቢው አቶ በድሉ «ጉዳዩ በጥሞና ሊታይ ይገባዋል» አሉ፤ በጥሞናም ታየ። ዕቃው ሁሉ ወረደ፣ ምሰሶው ታሰረ። ኢፋ እንደገና አስልቶ «ባዶውን አሁን ደህና ነው» ብሎ ሄደ። ሙፊዳ አልሐምዱሊላህ አለች።

የሹም ጆሮ ግን ወንፊት ነው፤ የሚወደውን አስቀርቶ ሌላውን ያፈሳል። አቶ በድሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በዘመናዊ ሳይንስ እንደተረጋገጠው፣ ይህ ቤት መንቀጥቀጥን ይችላል። ስለዚህ ለንብረታችን ከዚህ የበለጠ አስተማማኝ ቦታ በሰፈሩ የለም!»

ተጨበጨበ። ድስቱም፣ ወንበሩም፣ ድንኳኑም ተመልሶ ወጣ። ሰላሃዲን ከደስታው ብዛት አንዱን ድስት ራሱ ተሸከመ።

«ኧረ የሰው ያለህ!» አለች ሙፊዳ። «ጋሼ በድሉ፣ እሺ ድንኳኑን እንኳ ደጅ ይትከሉልኝ፤ አራሷ እዚያ ትደር።»

«ደንባችን አይፈቅድም፣ ወይዘሮ ሙፊዳ። ድንኳን የሚተከለው ለለቅሶ ብቻ ነው።»

«ቤቱ እላያችን ላይ ቢወድቅስ?»

«ያኔማ ሙሉ መብታችሁ ነው» አሉ፣ ድምፃቸው በርኅራኄ ለስልሶ። «አግዳሚ ወንበርም ይጨመርላችኋል።»

«ወንበሩም ድንኳኑም ከፍርስራሹ ሥር ሆኖ? ቆማችሁ ልታለቅሱልን ነው?»

 ከጉባኤው አንዳንዱ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። አቶ በድሉ አገጫቸውን አሽተው፣ የተነሳው ነጥብ እጅግ ብርቱ መሆኑን አመኑ። ለእንዲህ ያለው ክፉ ቀን መጠባበቂያ የሚሆን ሁለተኛ ድንኳን እንዲገዛ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

«የት እናስቀምጠው?» አለ አንዱ።

ሰላሃዲን እጁን አወጣ።