አባ ኅብረትና የተገለበጠው ሽፋን

ከሥልጠና የተመለሰ አለቃ ያልወረደበት መሥሪያ ቤት የለም። ያልወረደበት ካለም አይኩራ፤ መንገድ ላይ ናቸው።

የማተሚያ ቤቱ ክቡር ሥራ አስኪያጅ ስለ ኅብረት ሦስት ቀን ሠልጥነው ሲመለሱ ሠራተኛው ወዲያው «አባ ኅብረት» ብሎ ሾማቸው። ሹመቱ ከሁሉ የመረራት ጠራዧን ነው። ሃያ ዓመት መጽሐፍ የጠረዘች ሴት፣ በየጠዋቱ ሙጫዋ እየደረቀ ከባልደረቦቿ ጋር ክብ ሠርታ ትቆማለች።

«እኛ ማን ነን?» ይላሉ አባ ኅብረት።

«አንድ ልብ!» ማለት ግዴታ ነው። ጠራዧ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች።

አንድ ቀን «መተማመን» የሚባል ልምምድ አመጡ። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ኋላው ይወድቃል፤ ባልደረቦቹ ይቀበሉታል። መጀመሪያ የተመረጠው የማሽን ባለሙያው ነበር፤ በር ጠቦት በጎኑ የሚገባ ሰው። ወደቀ። ተቀባዮቹ ሁሉ በአንዴ ገለል አሉ።

«ቢያንስ ተስማምታችኋል» አሉ አባ ኅብረት፣ አቧራውን እያራገፉለት።

ቀጥሎ ምስጉን ሠራተኛ ይመረጥ ተባለ። ከሁለት ሰው በቀር ሁሉም ለራሱ ድምፅ ሰጠ። ሁለት ድምፅ ያገኘችው የጥበቃው ድመት ብቻ ስለነበረች አሸነፈች። ክቡርነታቸው ፎቶዋን ግድግዳ ላይ ሰቀሉ።

ከዚያ አንድ ሰኞ ጉድ ፈላ። የሁለት ሺህ የሒሳብ መጽሐፍ ሽፋን ተገልብጦ ተለጠፈ። ጥፋቱ የጠራዧ ነበር፤ እናቷን ስታስታምም ሰንብታ ቆማ ነበር የምታንቀላፋው። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት እንደ ነብር ገቡ።

«ይሄን የሠራው ማነው? ዛሬውኑ ይውጣልኝ!»

ጠራዧ «እኔ» ልትል አፏን ስትከፍት አባ ኅብረት ቀደሟት።

«ናሙናውን ሳላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። የሚወጣ ካለ እኔ ልውጣ።»

ባለቤቱ ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። «እስከ ዓርብ ይስተካከል። አለዚያ ቁልፉን ታስረክባለህ!» ብለው በሩን በላያቸው ላይ ወርውረውት ሄዱ።

ማንም ማንንም አልጠራም። የማሽን ባለሙያው አዲስ ሽፋን ማተም ጀመረ፤ ጥበቃው ሳይቀር እጅጌውን ሰብስቦ አሮጌውን ይልጥ ጀመር። አባ ኅብረት ክራቫታቸውን ፈትተው ጠራዧ አጠገብ ቆሙ።

«እህቴ፣ እኔስ ምን ልሥራ?»

«ሽፋን ማጠፍ ይችላሉ?»

«እንዴታ!»

አይችሉም ነበር። ጫፍና ጫፉ አልገጥም ይላቸዋል። ጠራዧ እያንዳንዱን በምስጋና ትቀበላለች፤ ፊታቸውን እስኪያዞሩ ትጠብቅና ዘርግታ እንደገና ታጥፈዋለች።

«እንዴት ነው?» ይሏታል በየመሀሉ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

«የእርስዎን የመሰለ አይቼ አላውቅም» ትላቸዋለች። አልዋሸችም።

ሥራው ሐሙስ ከሰዓት አለቀ። ረቡዕ ማለቅ ይችል ነበር፤ ግን እሳቸውን «በቃ ይተዉት» የሚል ሰው ከቤቱ አልተገኘም።