የደከመው የፍላሽ ገመድ

በየከተማው፣ በየሰፈሩ፣ ዕቃ ሞተ ብሎ መቀበል የማይሆንለት አንድ ሰው አይጠፋም። ሬዲዮው ከፎቅ ወድቆ ሆድ ዕቃው ቢዘረገፍ፣ ባለቤቱም እርሙን ቢያወጣ፣ ይህ ሰው ካቻቢቴውን ይዞ ከች ይላል። ስፒናውን ይነካካል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ከዚያም እንደ ሐኪም ጉሮሮውን ጠርጎ ለቤተሰቡ ተስፋ ይሰጣል። እናንተም አታጡትም። ምናልባት አማታችሁ ይሆናል። ምናልባትም፣ እግዜር ያጽናችሁ፣ ባላችሁ ነው።

በግሪክ አገር፣ የእኛ የካርዲትሳ ከተማው ኪር ፖሊክሮኒስ ካራቪዳስ የዚህ ወገን ፓትርያርክ ነበሩ፤ «ኪር» በእኛ ዘንድ አቶ ማለት ነው፣ ለሴት ደግሞ «ኪራ»። አንቱ የምንላቸው ዕድሜያቸውን ፈርተን አይደለም፤ ሚስታቸው ኤቫንቲያ «አንተ» ብቻ ሳይሆን ሌላም ሌላም ስለምትላቸው፣ ሚዛኑን እንጠብቅ ብለን ነው። ከገበያው ጀርባ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ሠርጉንም፣ ክርስትናውንም፣ የወታደሩን ጉርድ ፎቶም የሚያነሱት እሳቸው ናቸው። ባለ እጀታውን ትልቅ ፍላሽ ይዛ ከጎናቸው የምትቆመው፣ «ኪር ቫዮስ፣ ሆድዎን ሳብ ያድርጉ! አንቺ፣ ማስቲካውን ዋጪው!» እያለች ሕዝቡን የምታሰልፈው ደግሞ ኤቫንቲያ ናት።

«አልተበላሸም፣ ደክሞት ነው» ይላሉ ኪር ፖሊክሮኒስ፣ የተቃጠለ ነገር ሁሉ ሲቀርብላቸው። የኤቫንቲያን ካውያ ጠገኑላት። ካውያው አሳምሮ ይተኩሳል፤ ብቻ በተሰካ ቁጥር የመታጠቢያ ቤቱ መብራት ይጠፋል። ብትነግራቸው፣ «ታዲያ ልብስ እየተኮስሽ ገላሽን ልትታጠቢ ነው?» አሏት። የፎቶ ቤቱን ማራገቢያ ጠገኑት፤ ነፋሱን ወደ ኋላ ይተፋ ጀመር። ማራገቢያውን መልሰው ከመክፈት ይልቅ የደንበኞቹን ወንበሮች ከኋላው ደረደሯቸው።

የጎረቤታቸው የኪራ ፓጎና የበር ደወልማ ከተጠገነ ወዲህ የዳቦ ቤቱ መኪና ባለፈ ቁጥር ራሱን በራሱ ይደውላል። አሮጊቷ ሻርፓቸውን ጣል አድርገው ይወጣሉ፤ ደጅ ላይ ማንም የለም። ኤቫንቲያ አፍራ ይቅርታ ልትጠይቅ ብትሄድ፣ «ተዪው ልጄ» አሏት። «ልጆቼ አቴንስ ከገቡ ወዲህ በሬን የሚያንኳኳ የለኝም። አሁን ቢያንስ እነሳለሁ፣ ፀጉሬን አበጥራለሁ።» እንዲህ ያለ ደንበኛ ያገኘ ሰው እንዴት ይታረማል?

ወደ ገመዱ እንምጣ። የፍላሽ ገመድ ማለት እንደ ጫማ ክር የቀጠነ ጥቁር ሽቦ ነው፤ አንዱ ጫፉ ካሜራው ላይ፣ ሌላው ጫፉ ፍላሹ ላይ ይሰካል። ካሜራው ዓይኑን ሲገልጥ «በል አሁን!» ብሎ ለፍላሹ የሚነግረው እሱ ነው። ወሬው ካልደረሰ ሙሽሮቹ ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ። በጸደይ ወራት አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራው አጎት፣ ወይኑ ቀደም ብሎ ደርሷቸው ኖሮ፣ የመኪናቸውን በር በገመዱ ላይ ደርግመው ዘጉት። ኤቫንቲያ ጎትታ ስታወጣው መሃሉ ተጨፍልቆ እንደ ወረቀት ሳስቷል።

«በቃ፣ ላሪሳ ከተማ ሄደህ አዲስ ግዛ» አለች።

«ለምን ተብሎ? አልተበላሸም፣ ደክሞት ነው።»

«የመኪና በር እኮ ነው የተዘጋበት፣ ፖሊክሮኒ!»

«አንቺስ ብትሆኚ አይደክምሽም?»

ክቡርነታቸው ገመዱን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ሆዱን ቀደዱት፣ ሽቦውን ከሽቦ በየዱት፣ በጥቁር ናስትሮ ጠቀለሉት፣ ደግመው ጠቀለሉት። ሲጨርሱ ገመዱ እንቁላል የዋጠ እባብ መሰለ። እውነቱን ለመናገር ሠራ። የሚሠራው ግን እብጠቱ ወደ ላይ ተቆልምሞ ሲያዝ ብቻ ነው። ያዢዋም ኤቫንቲያ ሆነች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየሠርጉ አንድ ክርኗን ወደ ላይ ሰቅላ እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ትቆም ጀመር።

እንዲያም ሆኖ ፍላሹ ሲያሻው ዘግይቶ፣ ሲያሻው ሳይጠሩት ይበራል። አንድ ክርስትና ላይ ሕፃኑ ውሃ ውስጥ ሲነከር ዝም ብሎ ቆይቶ፣ ቄሱ ሊያስነጥሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ቦግ አለባቸው። ከተማው ግን ለመደው። ኪር ፖሊክሮኒስ «ጨርሰናል!» ካሉም በኋላ ማንም ፈገግታውን አይለቅም ነበር። ሰዎች ጥርሳቸውን እንዳገጠጡ ኮታቸውን ይለብሳሉ፣ እንዳገጠጡ ከቤተ ክርስቲያን ይወጣሉ፤ ፍላሹ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅማ።

ይህ ሁሉ ለሌላው ሰው ሠርግ ነበር። አሁን ዛፊሮ ልታገባ ሆነ።

ዛፊሮ የኤቫንቲያ የሟች እህቷ ልጅ ናት። ከሕፃንነቷ ያሳደገቻት፣ ጡጦዋን ያሞቀችላት፣ ፈተና ስትወድቅ አብራ ያለቀሰችላት ኤቫንቲያ ናት። ከዚህ ሠርግ የምትፈልገውም አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። በእኛ ዘንድ በተክሊሉ ላይ የጳውሎስ መልእክት ይነበባል፤ ዘማሪው መጨረሻው ላይ ደርሶ «ሚስትም ባሏን ትፍራ» ሲል፣ ሙሽሪት የሙሽራውን እግር ትረግጣለች። ማን ማንን እንደሚፈራ ከወዲሁ እንዲታወቅ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ አንገቱን ሰግጎ የሚጠብቃት ቅጽበት እሷ ናት።

ኤቫንቲያም በጊዜዋ አልሰነፈችም፤ ባሏን እስኪበቃቸው ረግጣቸዋለች። ፎቶው ግን የለም። ሙሽራው፣ ማለትም ክቡርነታቸው፣ በዚያች ቅጽበት ዞር ብለው ለፎቶ አንሺው «ፍላሹን ከፍ! ከፍ አድርገው እንጂ!» ይሉ ነበር። አልበሙ ላይ ያለው የሙሽራ ማጅራት ነው። «የዛፊሮስ እንዲህ ሆኖ አይቀርም» አለች ኤቫንቲያ በልቧ።

ስለዚህ ጥርሴን አመመኝ ብላ በአውቶብስ ላሪሳ ሄደች፤ አዲስ ገመድ ገዝታ ቦርሳዋ ውስጥ ከመሐረቧ ሥር ሸሸገችው።

«ጥርስሽስ?» አሏት ማታ ስትመለስ።

«ደክሞት ነው» አለች።

የሠርጉ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። ቀለበት ታሰረ፤ ፍላሹ ቦግ አለ። ኤቫንቲያ ክርኗን እንደ ሰቀለች በረጅሙ ተነፈሰች። አክሊሉ በሙሽሮቹ ራስ ላይ ተደፋ። ፍላሹ ዝም። ኪር ፖሊክሮኒስ ደግመው ተጫኑ፤ ዝም። ኤቫንቲያ ክርኗን ከፍ አደረገች፣ ዝቅ አደረገች፣ አዞረች። ምንም የለም። ከኋላዋ አንዲት ሴት «ምስኪን፣ ትከሻዋን ይዟት ነው» ስትል ሰማች። ዘማሪው መጽሐፉን ገልጦ መልእክቱን ጀመረ።

«ሞቷል» አለች በሹክሹክታ።

«አልሞተም፣ ትንሽ…»

«ፖሊክሮኒ፣ በእመቤቴ! ልጄ ናት!»

ቦርሳዋን ከፈተችና አዲሱን ገመድ ከነላስቲኩ አወጣችው። ኪር ፖሊክሮኒስ የሌላ ወንድ መሐረብ ሚስታቸው ቦርሳ ውስጥ ያገኙ ያህል ደርቀው ቀሩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሽንብራ ነው! ሰካው!»

ሰኩት። የፍላሹ በኩል ጥርቅም ብሎ ገባ። የካሜራው በኩል ግን ገባና ሾለክ ብሎ ወጣ። ደግመው ቢሰኩት እንደ ሰካራም ባርኔጣ ወደቀ፤ ጫፉ ላይ ያለው ቀለበት ሰፍቷል። የዛፊሮ ፎቶ ሄደ፣ የላሪሳው ውሸትም በከንቱ ቀረ። ኤቫንቲያ ቀና ብላ ባሏን ብታይ፣ ፊታቸው እንደ ፋሲካ ማለዳ በርቷል።

«አየሽ አይደል?» አሉ። «አዲስ ትይኛለሽ! ጥፍር መቁረጫ ይዘሻል?»

ይዛለች። መቼም ዕድሜ ልኳን ከእሳቸው ጋር የኖረች ሴት ቦርሳ ውስጥ የማይገኝ ነገር የለም። ኪር ፖሊክሮኒስ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ የገመዱን ጫፍ ከዓይናቸው አጠገብ አመጡ፤ ሳይቆርጡ፣ ሳይሰብሩ፣ ቀለበቱን በመቁረጫው አፍ ጨመቅ አደረጉት። አዞሩት፣ ዳግም ጨመቅ። ዘማሪው ወደ መጨረሻው ቃል እየተቃረበ ድምፁን ሽቅብ ይስባል። ሕዝቡ አንገቱን ሰገገ። ዛፊሮ የቀሚሷን ጫፍ ሰብሰብ አደረገች። የኤቫንቲያ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ትጸልይ ይሁን ትራገም አይታወቅም።

ገመዱ ቀጭ ብሎ ገባ።

«…ሚስትም ባሏን ትፍራ!»

ቦግ!

ፎቶው ዛሬም ዛፊሮ ሳሎን ተሰቅሏል። የሙሽሪት ተረከዝ በሙሽራው ጫማ ላይ ተተክሏል፤ ሙሽራው አፉን ከፍቶ ወደ ጣሪያው ያያል፤ ቄሱ ሳቃቸውን በጢማቸው ውስጥ ደብቀዋል። ግብዣው ላይ ክቡርነታቸው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ፣ በግ ጥብስ የሚበላውን ሁሉ እያስቆሙ፣ «አዲሱም ቢሆን ሳልጠግነው አልሠራም!» አሉ። ኤቫንቲያ ተቀምጣ እንባዋን ትጠርግ ነበር፤ እየሳቀች።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ሙሽሮቹ ግን ከጫጉላ ሽርሽራቸው ሲመለሱ ስጦታ ይዘው መጡ፤ ካሜራው አናት ላይ ቁጭ የሚል፣ ገመድ የሚባል ነገር የሌለው አዲስ ፍላሽ። ኪር ፖሊክሮኒስ ግንባራቸውን ሳሟቸው። ሞከሩት። በራ። ደገሙት። በራ። አንድም ቀን አልዘገየ፣ አንድም ቀን ያለቦታው አልበራ። ሕዝቡም ፈገግታውን በወቅቱ መልቀቅ ጀመረ።

ፎቶ ቤቱ ጸጥ አለ። ክቡርነታቸው ብሎኖቻቸውን ከትልቅ እስከ ትንሽ ይደረድራሉ፤ ሲጨርሱ በትነው ከትንሽ እስከ ትልቅ ይደረድራሉ። እራት ላይ ጨው ቢጎድል አይናገሩም። «ምን ሆነሃል?» ስትላቸው «ምንም፣ ሁሉ ነገር ይሠራል» ይላሉ፤ ይህን የሚሉት ግን ሐዘን እንደ ተቀመጠ ሰው ነው። ኤቫንቲያ ዕድሜ ልኳን የተመኘችው ቤት ይሄ ነበር፤ የማይጮህ፣ የማይቃጠል፣ የማያጨስ። ሲመጣላት ግን እንቅልፍ ነሳት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ማድ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ጤነኛውን፣ እንደ ሰዓት የሚሠራውን ፀጉር ማድረቂያዋን በሽንኩርት ቢላ ከፈተችው። አንዱን ሽቦ ሳብ አድርጋ ፈታችው፣ ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። ከዚያ ይዛው ወደ ፎቶ ቤቱ ወረደች።

«ፖሊክሮኒ፣ ይሄ ጉድ ዝም አለኝ። ልጣለው እንዴ?»

«ትጥዪው?» ብድግ አሉ። «አምጪው ወዲህ! ትጥለዋለች አሉ!»

መነጽራቸውን አጠለቁ። ካቻቢቴውን ብሎኑ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ እጃቸው ቆመ። የብሎኑ አናት ተቦጫጭሯል። ጎንበስ ብለው አዩት፣ አሸተቱት። ከዚያ ከመነጽራቸው በላይ ሚስታቸውን ተመለከቷት።

«ይሄን በቢላ የከፈተው ማነው? ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል እኮ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች ኤቫንቲያ። «ሲገዛም እንደዚያ ነበር።»

ኪር ፖሊክሮኒስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በእግራቸው አንድ ወንበር ወደ ጎናቸው ሳቡ።

«ከባድ ብልሽት ነው» አሉ። «ጊዜ ይወስዳል። ቁጭ በዪና መብራቱን ያዢልኝ።»

ኤቫንቲያ ድንች ጥዳ ነው የመጣችው። ከትንሽ በኋላ ድንቹ ሲያር ሸተታት። አልተነሳችም።