ዜና ነጎድጓድ ዘመምህር ዛንጌ ኩሊባሊ

ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ከራሴ ጨምሬ እንደሆነ የዋራቡጉ ጉድጓድ ውኃ ይንሳኝ፣ አህያዬም በገበያ መካከል ትካደኝ።

በዘመነ ዛንጌ ኩሊባሊ፣ በቀዳማዊ ዓመተ መምህርነቱ፣ ማሽላው ተወቅቶ ጎተራው በሞላበት ወር፣ ይህ ፀሐየ ባማኮ፣ አድቃቄ ጠመኔ፣ አንበሳ ዘሰሌዳ የሆነ ዛንጌ፣ ጥቁር ሰሌዳውን እንደ ጋሻ በጀርባው አዝሎ፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ ከብስክሌቱ ኋላ አስከትሎ ወደ ዋራቡጉ መንደር ገባ። ሊቀበለው የወጣውም ሠራዊት ሰባት ተማሪዎች ነበሩ፤ ሁሉም የኬይታ ዘር፣ አንዲት የማንም ያልሆነች ፍየልም ከነሱ ጋር።

ወበይእቲ ዕለት፣ በዚያ አገር ሕግ ኬይታ ኩሊባሊን ባየ ጊዜ ሊሰድበው ግድ ነውና፣ በቁመት ከሁሉ የምታንሰው ሲታን ኬይታ በክፍሉ ደጃፍ ቆማ፣ «አንቱ አደንጓሬ በሊታ! ኧረ ድስት ደብቁ፣ ኩሊባሊ መጣ!» ብላ አወጀች። ስድቡ ሰላምታ ነበረ፤ መልሱም «ድስቱንስ የላስሽው አንቺ!» ማለት ነበረ፤ ይህን በአገሩ ጡት የሚጠባ ሕፃን ያውቃል። ዛንጌም ያውቃል። ነገር ግን መምህር ይከበራል የሚል ትምህርት ከከተማ ሸክፎ መጥቶ ነበርና፣ «በዚህ ክፍል አደንጓሬ የሚባል ቃል እንዳይነሣ!» ብሎ አዋጅ ነገረ።

ወእምዝ ዝምታ ሆነ። ሁለትና ሁለት ስንት ነው ቢል ዝም፤ ስማችሁ ማን ነው ቢል ዝም፤ ፍየሏ እንኳ ማመስኳቷን ተወች። ርእሰ መምህሩም ይህን ሰምቶ፣ «እስከ ዓርብ አንድ ልጅ አፉን ካልከፈተልህ ብስክሌትህን አዙር!» ሲል አወጀ። ያን ጊዜ የጀግናው ሆድ ባባ፤ እናቱ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ መምህር ሆነ» ብላ አውርታ ነበርና፣ የሚመለስበት ፊት አልነበረውም።

ዓርብም ደረሰ። ዛንጌ ከተማሪዎቹ ቤት የተላከለትን ምሳ ከበላ በኋላ ተነሥቶ፣ ክንዱን ወደ ሰሌዳው ጫፍ በዘረጋ ጊዜ፣ ሰማይ ደመና ሳይኖረው ታላቅ ነጎድጓድ ወረደ! ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፣ እንሽላሊት ከጣራ ወደቀ፣ ፍየሏ በመስኮት ወጣች። ሕፃናቱም ከግርማው የተነሣ በምድር ላይ ተንከባለሉ፣ እንባቸውም ፈሰሰ፤ አፋቸውም ተከፍቶ «አራት! ሁለትና ሁለት አራት!» እያሉ ጮኹ። ርእሰ መምህሩ ከደጅ ሆኖ ጩኸቱን ሰምቶ «ይቀመጥ!» ሲል አወጀ። ሰማይን በክንዱ የሚያዝ፣ የደንቆሮን ጆሮ የሚከፍት፣ የዲዳን ምላስ የሚፈታ ዛንጌ ሆይ፣ ዘመንህ እንደ ባኦባብ ዛፍ ይርዘም!

ይህን ዜና በአደባባዩ ዛፍ ሥር ባነበብሁ ጊዜ፣ ሲታን ከኋላ እጇን አነሣች፤ ድምጿንም ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ ሰማዩ እኮ ዝም ብሎ ነበር። የነጎደው እናቴ የላከችላቸው አደንጓሬ ነው። እኛማ እንዳንስቅ ከንፈራችንን ነክሰን ነበር፤ ደግሞ አራትም አላልንም። እሳቸው ናቸው ዞር ብለው፣ ‹እሺ፣ በልቻለሁ፤ ድስቱን ግን የላስሽው አንቺ ነሽ› ያሉኝ።»