አያንቱ ወለተ ገቢሳ ስለ ከበሮዋ ከብጉር ጋር የተዋጋችበት ዜና

ዘመናትን በእጁ የያዘ፥ የራስ ጠጉራችንን ቁጥር የሚያውቅ፥ ከጠጉሩም በታች በግንባር ላይ የሚበቅለውን የማይዘነጋ እግዚአብሔር በፈቀደ መጠን ይህ ዜና ተጻፈ። በእርሱ እውቀት ፊት ታላቁም ታናሹም እኩል የተገለጠ ነውና፥ ስለ አንዲት ልጅ አገጭ ብራና መፋቅ ለጸሓፊው ነውር አይሁንበት።

ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አምስት መቶ ዐሥራ አምስት ዓመት፥ በዓመተ ምሕረት ሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት፥ በሐኪሙ ወንጌላዊ በሉቃስ ዘመን፥ ብጉር በአያንቱ አገጭ ላይ በነገሠ በሦስተኛው ዓመት፥ በወርኃ ጥር፥ ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕር ወደ መንበራቸው ከተመለሱ በኋላ ይህ ሆነ።

ይህቺ አያንቱ ወለተ ገቢሳ፥ የአምቦ ልጅ፥ የሁለተኛ ክፍል ሕፃናት መምህርት፥ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዘምራን ባለ ከበሮ፥ እጇ የቀና፥ ምቷ የጸና፥ ከበሮውን ባነገተች ጊዜ በመቋሚያ የተደገፉ አዛውንት እንኳ ትከሻቸው የሚከዳቸው ነበረች። ጠላቷ ግን ብርቱ ነበረ። በየወሩ፥ ሴቶች በሚያውቁት ጊዜ፥ ዋዜማውን ጠብቆ ይነሣል፤ አስቀድሞ አንድ ቀይ ሰላይ ወደ አገጭዋ ይሰድዳል፤ ሰላዩም ምድሪቱ ለም እንደ ሆነች ባየ ጊዜ ሠራዊቱ በመንጋጋዋ ዙሪያ ድንኳን ይተክላል። ሐኪም ባየችም ጊዜ «ይህ የሆርሞን ነገር ነው» ብሎ ፈረደ፤ የሚቀባ ሰጣት፥ ትዕግሥትንም አዘዘላት። እርስዋም የሚቀባውን ተቀበለች፤ ትዕግሥቱን ግን ከሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ትታው ወጣች።

ስለዚህም ነጠላዋን እስከ ዓይኖቿ ሥር ተከናንባ፥ ከመዘምራኑ ሁሉ ኋላ፥ ከዐምድ ጀርባ ቆማ ትመታ ጀመር። ከበሮው በኋላ በሆነ ጊዜ የፊተኞቹ ምቱን ዘግይተው ሰሙት፤ የቀኙ ረድፍ «ሃሌ» ሲል የግራው «ሉያ»ን ጨርሶ ይጠብቀው ነበር፤ ሽብሸባውም እንደ ገበያ ግፊያ ሆነ። በዚህም ጊዜ የመዘምራኑ አለቃ ሶፎንያስ፥ በሳምንቱ ቀናት የግብርና ባለሙያ፥ በሰንበት ግን ምሕረት የማያውቅ፥ እንዲህ ሲል አዋጅ ነገረ፦ «መዘምራን ሆይ ስሙ! ከበሮ እንደ ሌባ አይደበቅም። ለሰኔ ሚካኤል ንግሥ ባለ ከበሮዋ ፊቷን ገልጣ ከረድፉ ፊት ትቁም። እኅታችን አያንቱ ይህን ባትችል ከበሮውን ጣቢታ ትያዝ። ጣቢታ ሆይ፥ አንቺም እባክሽ ቀስ ማለትን ከአሁኑ ተለማመጂ!» ይህን መጨመሩም፥ ጣቢታ በመታች ጊዜ ዝማሬው ሁሉ መኪና ሊያመልጠው እንደ ደረሰ መንገደኛ ይሮጥ ስለ ነበረ ነው።

አያንቱም ይህን ሰምታ እጅግ አዘነች። በሰው ፊት አፏ የሚተሳሰር ዓይን አፋር ስትሆን፥ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትናገረው በዚያ ከበሮ ነበርና፤ ከበሮውን መንጠቅ ምላሷን መንጠቅ ነበረ።

ወእምዝ ዘመቻ ሆነ። አስቀድማ በሎሚ ዘመተች፤ ሎሚውም ጠላትን ትቶ ወገንን አቃጠለ። ሁለተኛም በመምህርት ዶርቃስ ምክር፥ ከክፍሏ አጠገብ ባለው ክፍል በምታስተምር ባልንጀራዋ፥ ብጉሩን የጥርስ ሳሙና ቀባችው፤ ብጉሩም ንጹሕና ነጭ ሆኖ አደረ እንጂ አልሞተም። ሦስተኛም ባለሱቁ ኦቦ ቱፋ ከመደብራቸው ሆነው «የአምቦ ልጅ በአምቦ ውሃ ፊቷን ካልታጠበች፥ ይህ ሁሉ ውሃ ከምድር ሥር ለማን ይፈላል?» ብለው አወጁ፤ ታጠበችም፤ ውሃው በጉንጯ ላይ ጥቂት ተንሿሽቶ በሰላም ወረደ፤ ጠላትም እንደ ጠገበ ሰው ተቀመጠ።

በዚህ ጊዜ ዶርቃስ፥ በጥርስ ሳሙናው ጥቂት አፍራ ስለ ነበር፥ እርስዋ በተወለደችባት በጉደር ስለምትኖር ሱጃታ ስለምትባል የህንድ ሴት ነገረቻት፤ ባሏ በዚያ ከኮሌጅ የሚያስተምር፥ እርስዋም አዩርቬዳ የሚሉትን የአባቶቿን ሕክምና የተማረች ነበረች። አያንቱም ወደ ጉደር ዘመተች። የተከተሏትም እነዚህ ናቸው፦ የአባቷ እኅት አዳዳ ወርቂቱ፥ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት፥ ዣንጥላዋን እንደ ጦር ያነገበች፤ ዶርቃስ፥ መንገድ መሪ፤ የሚኒባሱ ረዳት፥ በበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ከፊት የሚጮኽ፤ እግራቸው የታሰረ ሁለት ዶሮዎችም ከመቀመጫው በታች፥ የዘመቻውን ምክንያት ያልጠየቁ።

ሱጃታም የአያንቱን ፊት ወደ ብርሃን አዙራ መረመረች፤ ከጉደር ገበያ በለቀመችው አማርኛም እንዲህ ስትል አወጀች፦ «እኅቴ፥ በውስጥሽ እሳት በዝቷል፤ እሳቱን እናበርዳለን። በርበሬ ቀንሺ። ስኳር ቀንሺ። በዘይት የተጠበሰ ተዪ። ወተትና ቅቤ ራቂ። ድንብላል በውሃ አሳድረሽ ጠዋት ጠጪ። የእሬት ውስጡን ፊትሽን ቀቢ። እርድ በማር ለውሰሽ ትንሽ አድርጊ፤ ትንሽ ነው ያልኩት! በጊዜ ተኚ፥ በእግር ሂጂ። የሐኪሙን ቅባት አትጣይ። በጥፍር መንካት ግን፥ እኅቴ፥ ኃጢአት ነው።»

አዳዳ ወርቂቱ ይህን በሰማች ጊዜ ሳቀች፤ በመመለሻውም ሚኒባስ ውስጥ ለተሳፋሪው ሁሉ «ይህማ ጾም ነው! ወተት የለ፥ ቅቤ የለ፤ ቄሰ ገበዙ በየዓመቱ በነጻ የሚያውጁትን ልንሰማ ነው ጉደር ድረስ የሄድነው?» ብላ አወጀች። ተሳፋሪውም በአንድ ድምፅ አጸደቀው። ዐቢይ ጾምም ቀርቦ ነበርና፥ ትእዛዙ ሁሉ በጾም ሥርዓት ተተረጐመ፤ ስሕተትም ከዚህ በር ገባች።

አያንቱም ጸናች። በርበሬን ተሰናበተች፤ አልጫን ታገሠች፤ የሻዩን ስኳር ከማንኪያ ወደ ማንኪያ ጫፍ አወረደች፤ በመምህራን ዕረፍት ሳምቡሳ ሲዞር እንደ መናኝ ዓይኗን ጨፈነች። በእርዱ ብቻ ሳተች፤ «ትንሽ» የሚለው ቃል ለሚቸኩል ሰው አይሰማምና፥ ለአልጫ ወጥ የሚበቃውን ያህል ለውሳ ፊቷን ሸፈነች፤ የተማሪዎቿን ደብተር ስታርም ረሳችው። በታጠበችም ጊዜ ማሩ ወረደ፥ ቢጫው ቀረ። በማግሥቱ ኦቦ ቱፋ በሱቃቸው በር ስታልፍ አይተዋት «የገቢሳን ልጅ የወፍ በሽታ ይዟታል፤ ጎረቤት ሁሉ ይጠይቃት!» ብለው አወጁ። ጎረቤትም መጣ፤ በሽተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅምና አንዱ ወተት፥ አንዱ ጨጨብሳ በቅቤ የራሰ፥ አንዱም በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ይዞ ገባ። ጾሙ ገና አልገባም ነበር። እርስዋም በዚያ ሁሉ በረከት መካከል፥ ቢጫ ሆና፥ የድንብላል ውሃዋን ይዛ ተቀመጠች፤ ከዘመቻው ሁሉ እንደዚያች ቀን የጸናች ፈተና አልነበረችም።

ጾሙ ገብቶ በወጣ ጊዜ፥ አገጭዋ መዳን ጀመረ። ሰላዩ እንደ ልማዱ መጣ፤ ሠራዊቱ ግን አልተከተለውም። ነገር ግን በዚያው ወራት በግንባሯና በጆሮ ግንዷ አዲስ ዐመፅ ተነሣ፤ ጥቃቅን፥ ብዙ፥ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ። ድንብላሉን ጨመረች፤ ዐመፀኞቹ አልሰሙም። በርበሬዋን ጨርሳ ጣለች፤ አልተገረሙም። የሰኔ ሚካኤልም ቀረበ፥ ጣቢታም ቀስ ማለትን ትለማመድ ነበር፥ ምንም እንኳ በፍጥነት ብትለማመደው።

በግንቦት አንድ ቀን፥ መዘምራኑ ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ በፀሐይ ሲለማመዱ፥ አያንቱ ከኋላ ሆና ስትመታ ከራሷ ላይ አንዳች ነገር ቀልጦ በግንባሯ ወረደ። በነጠላዋ ጠረገችው፤ ነጠላዋም ወዛ፤ አሸተተችውም፤ ቅቤ ነበረ። ያን ጊዜ ምስጢሩ ተገለጠላት። አዳዳ ወርቂቱ ቅቤን ከአያንቱ አፍ ስታርቅ፥ ከአፍ የቀረውን በየቅዳሜው በራሷ ላይ ጨምራ ትቀባት ነበር፤ ጾም የአፍ ነው፥ ጾመኛም ራሱን ይቀባ ዘንድ ከመምህራን ሰምተናል በማለት። እነሆ ከበሩ የተባረረው ጠላት በጣራው ይገባ ነበር።

አያንቱም ከዚህ በኋላ ይልቁን ፈራች። ብጉርን መውጋት ቀላል ነበረ፤ ያችን እጅ መከልከል ግን ከባድ ነበረ። እናቷ በሞተችበት ሳምንት ልጅቱ አልናገር ባለች ጊዜ፥ አዳዳ ምንም ሳትጠይቃት በጉልበቶቿ መካከል አስቀምጣ ራሷን ቀብታ ሠርታት ነበርና፤ ከዚያ ወዲህም ቅዳሜ ያለዚያ ቅቤ አልዋለም። ሆኖም ከበሮውን አስባ፥ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ የሆነችውን አዋጅ አወጀች፦ «አዳዳ ኮ፥ ይቅር በይኝ። ከዛሬ ጀምሮ አፌ ብቻ ሳይሆን ራሴም ቅቤ ይጹም።»

አዳዳ ወርቂቱም የቅቤውን ጣሳ አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ሳምንቱን ሙሉ «ብይ» እና «በሩን ዝጊ» ከማለት በቀር አዋጅ ከአፏ አልወጣም። ቅዳሜም ሆነ። አያንቱ ደብተር የምታርም መስላ ከጥግ ተቀመጠች። አዳዳም በርጩማዋን ጐትታ፥ ማበጠሪያዋን አንሥታ፥ ከደጅ እስኪሰማ ድረስ አወጀች፦ «ኢንተላ ኮ፥ ልጄ፥ ቅቤውን ከልክለሽኛል፤ እጄን የከለከለ ግን የለም። ነይ ተቀመጪ!» እርስዋም ተቀመጠች፤ አዳዳም በደረቅ እጇ፥ እያጉረመረመች፥ ቀስ ብላ ሹሩባ ሠራቻት።

የሰኔ ሚካኤልም ደረሰ፤ ታቦቱ ወጣ፤ ሕዝቡም ከአምቦና ከዙሪያዋ ሞላ። የግንባሩ ዐመፅ ተበትኖ ነበር፤ በአገጭዋ ግን ሁለት ብጉሮች፥ ጌታቸው እንደ ሸሸ ያልሰሙ ዘበኞች ሆነው፥ ቆመው ነበር። አያንቱም አየቻቸው፤ እስኪሸሹ ግን አልጠበቀችም። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ጣለች፥ ከበሮዋን አነገተች፥ ከረድፉም ፊት ቆመች፥ መታችም። ቀኙና ግራው በአንድነት «ሃሌ ሉያ» አሉ፤ ሽብሸባውም ነፋስ እንደሚመራው ማሳ ሆነ፤ ሶፎንያስ የሚወቅሰው አጥቶ ዓይኑን አበሰ፤ ጣቢታም ጭብጨባውን ያዘች፥ ከሁሉ ጥቂት ቀድማ።

ከእናቶች መካከል እልልታን ያስጀመረች አዳዳ ወርቂቱ ነበረች። ጎረቤቶቿም በእርስዋ ላይ አንድ ነገር አይተው ተደነቁ፤ ይህን ያህል ዘመን በንግሥ ቀን ራሷ በቅቤ ሳያበራ ታይቶ አያውቅም ነበርና። በጠየቋትም ጊዜ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ዛሬ ልጄን አቅፌ እስማታለሁ። ብቀባ ቅቤው ይነካታል።» ዝማሬውም በተፈጸመ ጊዜ እንዳለችው አደረገች፥ ግንባሯንና ጉንጯን፥ ሁለቱ ዘበኞች ያሉበትንም አገጭ ሳትለይ።

ብፅዕት አያንቱ፥ መዋዒት፥ በርበሬን የናቀች፥ ጭኮን አይታ ያልተሸነፈች፥ ከዐምድ ጀርባ የወጣች! ብፅዕት ወርቂቱ፥ ለፍቅር ስትል ጌጧን የጾመች!

ይህን ላነበበና ለሰማ ሁሉ እግዚአብሔር ቤቱን ይባርክለት፤ በቤቱ ያሉትን የወንድና የሴት ልጆች ፊት ያብራ፤ ልጆቹን ለሚያበጥሩ እጆች ዕድሜና ጤና ይስጥ፤ ከማዕዱ በረከትን፥ ከደጁ እልልታን አያጕድል፤ ለዓለመ ዓለም፥ አሜን።