የማይሞተው የማዘጋጃ ቤት ሸምበቆ

የጋንጀስ ወንዝ ወደ ባሕር ከመግባቱ በፊት ጭቃውን የሚያራግፍባት ከተማችን ሁለት ታላላቅ ሥራዎች ነበሯት፤ አንደኛው በየቦዩ የበቀለውን ሸምበቆ መንቀል፣ ሁለተኛው በማዘጋጃ ቤቱ የዓሣ መስታወት ገንዳ ውስጥ ሸምበቆ ማብቀል። ሁለቱ ይጣረሳሉ የሚል ሰው ካለ አስተዳደር አልተማረም።

ሁለቱንም ያዘዙት ክቡር ሊቀመንበር ቡፓቲ ሳንያል ናቸው። በመመሪያቸውም «በገንዳ ያለ ሁሉ በውሃው ውስጥ ይሁን፤ አንገቱን ከውሃ በላይ የሚያወጣ ሥርዓት የለውም» አሉ። ሸምበቆ ግን መመሪያ ማንበብ አይችልም። እግሩ ሲርስ ደስ ይለዋል፤ ራሱ ሲሰምጥ በሳምንቱ ይበሰብሳል።

የገንዳው ኃላፊ ጸሐፊው ሃራዳን ነበር። ሸምበቆው ከሞተ ወደ ነብሮቹ ደሴት እንደሚዛወር በደብዳቤ ተነግሮታል። እዚያ የነበረው ጸሐፊ ሪፖርት መላክ ካቆመ ስድስት ወሩ ነው፤ ነብሩ ግን ወፍሯል ይባላል። ስለዚህ ሃራዳን ሰኞ ሰኞ ከቢሮው ጀርባ ካለው ቦይ አንድ ሸምበቆ ነቅሎ የበሰበሰውን ይተካና መዝገቡ ላይ «እድገቱ አመርቂ ነው» ይላል። አንድ ሰኞ አጭር ቢያጋጥመው «በትሕትና ዝቅ ብሏል» ብሎ ጻፈ። ሊቀመንበሩ ለትሕትናው የምስጋና ደብዳቤ ፈረሙ።

እንዲህ ሲኖር ከካልካታ ተቆጣጣሪ ሊመጡ ነው ተባለ። ሊቀመንበሩ ከተማዋ እንድታምር ብለው በዋዜማው የቦዩን ሸምበቆ በመቶ ማጭድ አስጨዱት። በማግስቱ ሃራዳን ቦዩ ዳር ቆሞ ቢያይ አንዲት እንቁራሪት ብቻ ታፈጥበታለች። ገንዳው ውስጥ ያለው ደግሞ የተቀቀለ ጎመን መስሏል። ነብሩ ጆሮው ሥር ሲያዛጋ ተሰማው።

ያኔ ነው ቢሮው ጥግ ላይ የተደገፈውን መጥረጊያ ያየው። ከኮረብታ ሣር አበባ የታሰረ፣ ጸጉሩ የተንዠረገገ፣ ገና አዲስ። እጀታውን ጠጠሩ ውስጥ ቀበረው። ዓሦቹ ደንግጠው ሸሹ፤ ከነሱ በቀር ያስተዋለ የለም።

ተቆጣጣሪው መጥተው አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጠፉ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሸምበቆ ነው ጌታዬ» አለ ሃራዳን።

«ወገቡ ላይ ገመድ አለ።»

«እንዳይኮበልል ነው ጌታዬ። ብርቱ ዘር ነው።»

«ይህን ያህል ለመድረስ ስንት ጊዜ ፈጀበት?»

«አንድ ጠዋት።» በአገልግሎት ዘመኑ የተናገረው የመጀመሪያው እውነት ይኸው ነበር።

«በኔ መመሪያ ነው» አሉ ሊቀመንበሩ ሆዳቸውን ነፋ አድርገው።

በዚህ መሐል ሁሉም «ማሺ» እያለ እንደ አክስቱ የሚጠራት የጽዳት ሠራተኛዋ ካንቶ በሩን በርግዳ ገባች።

«ማነው መጥረጊያዬን የወሰደው? ውይ! በላክሽሚ! ሀብት የምትጠራ አምላክ የምታድርበትን መጥረጊያ ለዓሣ ፍራሽ አደረጋችሁት?»

«ማሺ፣ ቀስ በይ! ተክል ነው!»

«ተክል? ታዲያ ትናንት ቢሮህን የጠረግሁት በአትክልት ነው በለኛ!»

ሃራዳን ዓይኑን ጨፈነ። ተቆጣጣሪው ግን ብዕራቸውን መዘዙ።

«ይጠርጋልም እንዴ?» አሉና ጻፉ፤ «ዝርያው ሁለገብ ነው።»

በወሩ ሰርኩላር ወጣ፤ በክፍለ ሀገሩ ያለ ቢሮ ሁሉ ይህን ሸምበቆ እንዲተክል። ከየገበያው መጥረጊያ ጠፋ። ከገንዳ ነቅሎ መጥረግ የመንግሥት ተክል ማውደም ስለሆነ አቧራው ቁርጭምጭሚት ደረሰ፤ ባለሥልጣናት በዱካቸው ብቻ መገናኘት ጀመሩ። ሸምበቆው ግን አልሞተም። በማዘጋጃ ቤታችን ታሪክ ያልሞተ የመጀመሪያው ተክል ነው።

ሃራዳን ተሾመ። አንገቱ ላይ የአበባ ጉንጉን፣ አፉ ውስጥ የወተት ጣፋጭ፣ እጁ ላይ ደብዳቤ። ጣፋጩን ሳይውጥ አነበበው፤ «የማይሞት ሸምበቆ ብቸኛ ሊቅ በመሆንዎ፣ እስካሁን አንድም ወዳልተተከለበት ወደ ነብሮቹ ደሴት ሄደው እንዲተክሉ በክብር ተመድበዋል።»

ጀልባው ሊነሳ ሲል ካንቶ እየሮጠች መጥታ በእጇ ያሰረችውን አዲስ መጥረጊያ አስታቀፈችው።

«ምን ላድርገው ማሺ? እዚያ ገንዳ የለም።»

«ነብሩ ሲመጣ ተክል ነው በለው ልጄ» አለችው። «የተማረ ከሆነ ያምንሃል።»